ከቆርቆሮው ጀርባ

ሚኤሶ ላይ ቀትር ሲሆን ሰው ከቆርቆሮ ቤት ይወጣል እንጂ አይገባም። የሺሐረግ ግን ወዴትም መውጣት አትችልም። ባሏን ዘገየን ደም ግፊት ከጣለው ወዲህ ግራ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት አልጋ ላይ ነው። እሷም አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በሰሌን ማራገቢያ ታራግብለታለች። አንዱ ክንዷ ሲዝል ወደ ሌላው ታዛውራለች፤ ሁለቱም ሲዝሉ ዝም ብላ ጣሪያውን ታያለች። ጣሪያው በሙቀት ይንጣጣል።

ቤቱ የዘገየ ዕድሜ ነው። በምድር ባቡር የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ሳለ ቆርቆሮውን ጥቂት ጥቂት እያለ ከድሬዳዋ እያስጫነ፣ ጣሪያውንም ግድግዳውንም ቆርቆሮ በቆርቆሮ አደረገው። በሩን ደግሞ ለመኪናው መንገድ ሰጠው፤ አላፊ አግዳሚው ሾፌር ሁሉ እንዲያየው። መንገዱ በምዕራብ በኩል ስለሆነ ታዲያ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ሳታንኳኳ ትገባለች። ያኔ ሁለቱም ብርቱ ነበሩ፤ ቀኑን ውጪ ውለው ለመኝታ ብቻ ስለሚገቡ ቤቱ ምን ያህል እንደሚያቃጥል አላወቁትም።

ያ ዓመት ደግሞ ዝናብ የጠፋበት ነበር። ሣር ቢገኝ የሺሐረግ ቆርቆሮው ላይ ሣር ትደርብ ነበር። ግን ሣር ለከብቱም ጠፍቷል፤ የማሽላ አገዳ እንኳ እንደ እህል ተከብሮ ቤት ይገባል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘገየ መቀባጠር ጀመረ። የሌለ ባቡር መጣ እያለ፣ «ከሐዲዱ ውረዱ!» እያለ ይጮሃል። ሰውነቱ እንደ ምጣድ ይፋጃል፣ ላብ ግን የለውም። የሺሐረግ ጎረቤቷን ጠራች። ሳፊያ ሱቋን ጥላ ሮጣ መጣች፤ ሁለቱ ሴቶች በአንሶላ ተሸክመው ከቤቱ ጀርባ ካለው ግራር ሥር አስተኙት። ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ አበሱት። አመሻሹ ላይ ከአሰበ ተፈሪ ደጋ ቁልቁል የሚወርደው ነፋስ ሲነሳ ዓይኑን ገለጠ።

«መልሱኝ» አለ በተሳሰረ አንደበቱ። «ሰው አያየኝም? ቤት እንደሌለው ሜዳ ላይ!»

መለሱት። የሺሐረግ ግን ከሳፊያ ጋር ተመልሳ ወደ ግራሩ ሥር ወጣች። ነፋሱ አንገቷን ሲነካት እንደ መንቃት አለች። ይህ ነፋስ በየማታው ይመጣል፤ ቤታቸው ግን ጀርባውን ሰጥቶታል፣ አንድ ቀዳዳ እንኳ በዚያ በኩል የለውም።

«ሳፊያ፣» አለች፣ «እኔ ያደግኩበት የአባቴ ቤት የግድግዳው ውፍረት ይህን ያህል ነበር።» ክንዷን እስከ ክርኗ ለካች። «ድንጋይና ጭቃ። ቀን የገባበት ሰው ነጠላ ይደርባል።»

«ዓሊዩን ላምጣልሽ፣» አለች ሳፊያ። «የእናቴ አገር ሰው ነው። እነሱ ዘንድ ጣሪያው ራሱ አፈር ነው። ወላሂ፣ በቀትር ከሥሩ ትተኛለሽ።»

ዓሊዩ በማግስቱ መጣ፤ ጥቂት የሚናገር፣ ጢሙን ሂና የቀባ ግንበኛ ነው። ከግራሩ ጥላ አጠገብ፣ ከቤቱ ጀርባ ጋር የተያያዘ አንድ ክፍል እንዲሠራ ተስማሙ። በምዕራብ በኩል አንድም መስኮት የለውም። በነፋሱ አቅጣጫ ዝቅ ያለ ትንሽ መስኮት፣ በጎን ግድግዳው ደግሞ ከጣሪያው ሥር ከፍ ያለ ቀዳዳ፤ ቀዝቃዛው በታች ገብቶ ትኩሱን በላይ እንዲያስወጣው። ለድካሙም ከኋላው ግድግዳ የሚነሳውን ቆርቆሮ ሊወስድ ተዋዋሉ፤ ሌላ የምትሰጠው አልነበራትም።

ዘገየ ሲሰማ በደህና እጁ አልጋውን መታ።

«ቆርቆሮዬን? ሳልሞት አፈር ልታለብሺኝ ነው?»

«አፈሩ አይደለም የሚገድልህ፣» አለችና ወደ ጣሪያው አመለከተች። «ያ ነው።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰው መጥቶ ያራግብልህ እንደሁ እጠይቃለሁ።»

ይህን ካለች በኋላ ጸጸታት። እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

ድንጋዩን ከደረቀው ወንዝ እየለቀመች በአህያ አስመጣች፤ አህያዋ ስትደክም በጀርባዋ ተሸከመች። ከድንጋዩ ይልቅ ውሃው ቸገረ። በባቡር ለሚመጣው ውሃ ጣቢያው ደጅ ተሰልፎ የተገኘ ባልዲ እንዴት ለጭቃ ይፈሳል? ልብስ የታጠበበትን፣ ዕቃ የታጠበበትን አጠራቀመች። የዘገየ ገላ የታጠበበት ውሃ ሳይቀር አፈርና አመድ ገብቶበት ተቦካ። ሌሊት መዳፏ እየተሰነጠቀ ያቃጥላታል፤ በጨለማ ቅቤ ትቀባውና ከመተኛቷ በፊት ይነጋል።

ግድግዳው ወገብ ሲደርስ የቀበሌው ሊቀመንበር በላይነህ መጣ። አሥረኛው የአብዮት በዓል ቀርቧል፤ በመንገዱ እንግዶች ያልፋሉ፣ በመንገድ ዳር ያለ ቤት ሁሉ ቀለም ይቀባል ተብሏል።

«እትዬ የሺሐረግ፣ ከተማው ወደፊት ሲራመድ እርስዎ ወደ ጭቃ ይመለሳሉ?» አለ።

«ደክሞኛል፣ ጓድ በላይነህ። ወደፊትም ወደኋላም የምራመድበት ጉልበት የለኝም።»

ሰውየው ቤቱን ዞሮ አየ። ከመንገዱ ቆሞ ተመለከተ፤ አዲሱ ግድግዳ ከዚያ አይታይም።

«ብቻ የፊቱን ቆርቆሮ እንዳይነኩብኝ።»

«ፊቱን ለእናንተ ትቼዋለሁ። ጀርባው ይበቃኛል።»

ዓሊዩ የኋላውን ቆርቆሮ የነቀለ ዕለት ከሁሉ ቀን የከፋ ሆነ። ምስማሩ በተነቀለ ቁጥር ቤቱ ይጮሃል፤ ዘገየም በያንዳንዱ ጩኸት ዓይኑን ይጨፍናል። የሺሐረግ እጁን ልትይዘው ብትሞክር አስለቀቃት። ሲያልቅ ግን በተከፈተው በኩል ነፋሱ ገብቶ የአልጋውን አንሶላ አነሳው።

ለጣሪያው ግንዱና ቅርንጫፉ ተረብርቦ አፈሩ ከተደለደለ በኋላ አልጋውን ወደዚያ አዛወሩት። የመጀመሪያውን ቀን አኩርፎ ዋለ። በሁለተኛው፣ ልክ ፀሐይዋ በፊት በር በምትገባበት ሰዓት፣ አንኮራፋ። የሺሐረግ ማራገቢያውን ጭኗ ላይ አድርጋ አፍጥጣ ታየው ጀመር። ታማ የከረመች ያህል እንባዋ ወረደ፤ ከደስታም ይሁን ከድካም አልለየችውም።

ዕረፍት አገኘሁ ብላ ነበር። ዘገየ ግን በሳምንቱ ሌላ አመል አመጣ። ጧት ጧት ወደ ፊት ክፍል ውሰዱኝ፣ መንገዱን ልይ፣ መኪኖቹን ልይ ይላል። ፀሐይዋ ስትበረታ ደግሞ ወደ ኋላ መልሱኝ። እሷም ጧት በብብቱ ገብታ ታወጣዋለች፣ ቀትር ላይ ትመልሰዋለች። ወገቧ ይነግራታል እንጂ እሱ ለድካሟ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

የበዓሉ ሰሞን የቤቱ ፊት አረንጓዴ ተቀባ። እንግዶቹ አልፈው አቧራው ሲረጋ ሳፊያ ቴምር ይዛ ልትጠይቀው ገባች፤ ከውጪው ወላፈን ወደ ክፍሉ ስትገባ «አልሐምዱሊላህ!» አለች።

ዘገየ ደህና እጁን አንስቶ ወደ ትንሹ መስኮት ጠቆመ።

«ነፋሱን አጥንቼ ነው ያሠራሁት፣» አለ ቃሉን እየጎተተ። «ቆርቆሮ ለፊት፣ ድንጋይ ለኋላ። ቤት እንዲህ ነው።»

ሳፊያ ዞር ብላ የሺሐረግን አየቻት። የሺሐረግ አሁን ከፊት ክፍል ተሸክማው ገብታ ገና ትንፋሿ አልተመለሰም። ጀርባዋን ለድንጋዩ ሰጥታ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«አዎ፣» አለች ዓይኗን እየከደነች፣ «እሱ ነው ያሠራው። ሳፊያ፣ እባክሽ ያቺን ውሃ አቀብይኝ።»

ሳፊያ ጣሳውን ይዛ ስትመለስ እንቅልፍ ወስዷት አገኘቻት።