የታናሿ ማጣሪያ

ሁለቱ እህትማማቾች አንድ የሰዓት ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ታላቂቱ አሥራ አንድ ዓመት ቆይታለች። እዚያ ያለው አቶሚክ ሰዓት በየሰከንዱ አንድ ምት ይልካል፤ ምቱ ግን በሽቦው፣ በሙቀቱ፣ በመለኪያው በራሱ እየተረበሸ ስለሚመጣ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። እሷም መቶ መቶውን ምት እየደመረች አማካዩን ታወጣለች። "እጇ የተባረከ ነው" ይባልላት ነበር።

ታናሿ በተቀጠረች በአራተኛ ወሯ አንድ ዲጂታል ማጣሪያ ጽፋ መጣች። ማጣሪያው አዲሱን ንባብ ከቀድሞው ግምት ጋር እያመዛዘነ ረብሻውን ይጥላል። መስመሩ ቀጥ አለ። ኃላፊያቸው መነጽሩን አውልቆ ጠረገና፣ "አንቺ ልጅ፣ እስካሁን የት ነበርሽ?" አላት።

ታላቂቱ አብራ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ፊደል ያስቆጠረቻት፣ ሒሳብ ያስጠናቻት፣ የሥራ ማመልከቻዋን ይዛ ቢሮ ለቢሮ የዞረችላት ማን ሆነና ነው? ምሳ ላይ ኃላፊው የታናሿን ስም ስንት ጊዜ እንዳነሣ ቆጠረች። ሰባት ጊዜ። የእሷን አንዴም አላነሣም።

ማክሰኞ ጠዋት ብቻዋን ሳለች አንድ ሽቦ ቀየረች። ምቱ በሃያ ናኖሰከንድ ዘለለ፤ ለእነሱ ሥራ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የታናሿ መስመር ግን ንቅንቅ አላለም። ዝላዩን ረብሻ ነው ብሎ ንቆት፣ እውነቱን እስኪቀበል ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ታላቂቱ ወዲያው ገባት፤ ማጣሪያው ያለፈውን ከመጠን በላይ ያምናል። ልትጠራት ተነሣችና መልሳ ተቀመጠች።

"ራሷ ትድረስበት" አለች በልቧ።

ዓርብ ዕለት ከአንድ የስልክ ድርጅት እንግዶች መጡ። ኃላፊው ሊያሳያቸው ብሎ መሣሪያውን ምቱ በትንሹ ወደሚለየው መጠባበቂያ ሰዓት አዞረው። መስመሩ መዝለል ሲገባው ንቅንቅ አላለም።

"ተቀየረ እንዴ?" አለ አንዱ እንግዳ።

ታናሿ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብላ ቁጥሮቹን ደጋግማ አየች። ታላቂቱ ሦስት ቀን ሙሉ የጠበቀችው ይህንን ነበር፤ ሲመጣ ግን እንዳሰበችው አልጣፈጣትም።

"ይሄን አላሰብኩበትም" አለች ታናሿ። "እህቴ ግን አታጣውም። እሷን ጠይቋት።"

ሁሉም ወደ ታላቂቱ ዞሩ። "ልዩነቱ ትልቅ ሆኖ ለአሥር ምት ከቀጠለ፣ የድሮውን ግምት ትቶ አዲሱን ይያዝ" አለች። ጎን ለጎን ተቀምጠው በአንድ ሰዓት አስተካከሉት፤ እንግዶቹም ረክተው ሄዱ።

ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ታናሿ፣ "እታለም፣ መልሱ ከአፍሽ ቶሎ ወጣ። መቼ ነው ያወቅሽው?" አለቻት።

ታላቂቱ መዋሸት ትችል ነበር። "ማክሰኞ።"

"ዛሬ'ኮ ዓርብ ነው።"

"ቀንቼብሽ ነው።"

ታናሿ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። ሁለት ፌርማታ ካለፉ በኋላ፣ "መቅናትሽንስ አውቅ ነበር" አለች። "ዝም ትይኛለሽ ብዬ ግን አልጠረጠርኩም።"

በወሩ ታናሿ ለሌላኛው ሰዓት አዲስ ማጣሪያ ስትጽፍ፣ ታላቂቱ ወንበሯን ስባ ቀረበቻት።

"ልይልሽ?"

"ስጨርስ" አለች ታናሿ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

ታላቂቱ ወንበሯን ይዛ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።