ከበሮም ይጾማል

ነቀምቴ ውስጥ ድምፅ ማጉያ የሚያከራይ ሞልቷል፤ ድምፅ ያለው ግን እኔ ዋቅወያ ብቻ ነኝ። አንድ ጊዜ ስፒከሮቼን ባኬ ጃማ ሰፈር ስከፍታቸው፣ ዲዴሳ ወንዝ ውስጥ የተኛ ጉማሬ ደንብሮ ወጥቷል። ያየ ሰው አለ። ስሙን አሁን አላስታውሰውም።

ስለዚህ ልጄ ኬኔ ለዝግጅቷ ሰው ስትፈልግ ከእኔ ሌላ ማንን ትጠይቅ? ኬኔ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ባለችው በእኛ በፕሮቴስታንቶቹ ቤተ ክርስቲያን መዘምራንን ትመራለች። ጓደኛዋ የሺአረግ ደግሞ አያቶቿ ከጎጃም የመጡ፣ በኦርቶዶክሶቹ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ የምትመታ ልጅ ናት። ሁለቱ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ መዝሙር በስልክ ሲላላኩ ኖረው፣ አንድ ቀን አንድ ሐሳብ መጣላቸው፤ የሁለቱም ወጣቶች አንድ መድረክ ላይ ይውጡ፣ እነዚያ የራሳቸውን ያሳዩ፣ እነዚህም የራሳቸውን፣ ከዚያ አንድ አንድ መዝሙር ይማማሩ።

ልጆቹ በአንድ ቀን ተስማሙ። አባቶች ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። የእኛው ቄስ ገላናም የእነሱው መሪጌታ በላይም በስንት ልመና እሺ ያሉት "አንድ ጊዜ እንይ" ብለው ነው። ካላማረ ሁለተኛ የለም።

አዳራሹን ያዝኩ። ቀኑን ቆረጥኩ። ሁዳዴ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም! ለእንግዶቹ የወለጋችን ሥራሥር፣ አንጮቴው፣ ያለ ቅቤ ይሠራ ብሎ ያዘዘው ማን ሆነና? ከዚያ ማስታወቂያ አሳተምኩ፤ "ከበሮው ነቀምቴን ያናውጣታል!" ይላል፣ ከሥሩ የውሃ ታንከር የሚያክል ከበሮ አለ። የነቀምቴ ሰው ያለ ማስታወቂያም ይመጣልኛልና፣ ከከተማው መውጫ እስከ ጎረቤታችን ሲሬ መናኸሪያ ለጠፍኩት። ያንኑ ደግሞ መድረኩ ጀርባ በስድስት ሜትር ባነር ሰቀልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። ሦስት መቶ ወንበር ላይ ሁለት ሺህ ሰው ተቀመጠ። የሺአረግና ጓደኞቿ ነጭ በነጭ ለብሰው ከባጃጅ ወረዱ። ወንዶቹ መቋሚያቸውን፣ ያን ሲቆሙ የሚደገፉበትን ረጅም ዘንግ፣ ይዘዋል።

"አካም ጅርቱ፣ ጋሼ ዋቅወያ!" አለችኝ።

"ጋሪ፣ ጋሪ፣ ደህና ነኝ። ከበሮዎቹስ? መኪና ልላክላቸው?"

ሳቀች። "ምን ከበሮ፣ ጋሼ? ሁዳዴ አይደል እንዴ?"

"አውቃለሁ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። አንጮቴው ያለ ቅቤ ነው።"

"ከበሮም ይጾማል እኮ!"

ሰው እንደሚጾም አውቃለሁ። ዓሣ ይበላል አይበላም ብለው እንደሚከራከሩም አውቃለሁ። ከበሮ እንደሚጾም ግን እዚህ ዕድሜ እስክደርስ የነገረኝ የለም። ለካ በሁዳዴ ከበሮና ጸናጽል ተሰቅለው ይቆያሉ፤ መቋሚያ ብቻ ይዘው፣ ወዲያና ወዲህ ዘንበል እያሉ፣ በቀስታ ነው የሚያዜሙት። ዝማሜ ይሉታል።

"ቀኑን ስንሰማ እንዴት ኮራንባችሁ መሰለዎት" አለች የሺአረግ። "መሪጌታ እሺ ብለውም ሲያመነቱ ነበር። ቀኑን ስነግራቸው ነው 'ጾማችንን አክብረው የረጋውን ዜማችንን ሊሰሙ መረጡ' ብለው የቆረጡት።"

ኬኔ አጠገባችን ቆማ ትሰማለች። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ባነሩን አየች።

"አባ፣ መሪጌታ ያንን ካዩ አለቀልን።"

"አወርደዋለሁ!"

"ስድስት ሜትር? በሚስማር ቸንክረኸው?"

"ሚስማሩ ስምንት ብቻ ነው" አልኳት።

እኔ ደግሞ ዘዴ አያልቅብኝም። "ኪቦርዱ ላይ ከበሮ የሚመታ ቁልፍ አለ" አልኩ። "ሕዝቡም ከበሮውን ያገኛል፣ እናንተም እጃችሁን አታነሱ። ማሽን አይጾምም!"

የሺአረግ ፈገግታዋ ጠፋ። "ማሽኑ ባይጾም እኛ እንጾማለን፣ ጋሼ።"

"ያ ዋቅ፣ አምላኬ!" አለች ኬኔ። "አባ፣ እባክህ ሌላ ዘዴ አታምጣ!"

ሌላ ዘዴ አመጣሁ። አርባውን የኬኔን መዘምራን ባነሩ ፊት ደረደርኳቸው። ከበሮው ግን ከራሳቸው በላይ ብቅ አለ። "እጅ ወደ ላይ!" አልኳቸው። "ለምስጋና እንደምትዘረጉት፣ ከፍ! እስከ መጨረሻው እንዳታወርዱ!" ሰፋፊ የጋውን እጅጌ ተዘረጋ፣ ከበሮው ድምጥማጡ ጠፋ። እንዲህ ያለ ጥበብ ሌላ አገር ቢሆን ሽልማት አለው።

መሪጌታ በላይ ከቄስ ገላና ጋር ገብተው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። መሪጌታ ልጆቹን ትኩር ብለው አዩ።

"ኦቦ ዋቅወያ፣ እነዚህ ልጆች ምነው እጃቸውን አያወርዱም?"

"መንፈስ ነው፣ መሪጌታ" አልኩ።

ቄስ ገላና ዞረው አዩኝ። እኔም ጣሪያውን አየሁ። መሪጌታ ነጠላቸውን ሰብስበው ከወንበሩ ጫፍ ላይ ብቻ ተቀመጡ።

አምስት ደቂቃ አለፈ። ከዳር ያለች አንዲት ልጅ ክንዷ ተንቀጠቀጠና ወረደ። የጎረቤቷም ወረደ። እጅጌው አንድ በአንድ ሲከፈት ያ ከበሮ እንደ ሙሉ ጨረቃ እየወጣ መጣ። የሺአረግ ባነሩን አንብባ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። የቅሬታ ዕንባዋን ግን አልሸፈነችውም።

ኬኔ ማይኩን እጄ ላይ አኖረች። "እውነቱን ንገራቸው፣ አባ። ከዋሸን ሁለተኛ የለም።"

በሕይወቴ እንደዚያ አጭር ንግግር አድርጌ አላውቅም። "ከበሮ እንደሚጾም አላወቅኩም ነበር" አልኩ። "ቀኑን የቆረጥኩት ለአክብሮት ብዬ አይደለም፤ አዳራሹ የተገኘው ያን ዕለት ስለሆነ ነው። መንፈስም አይደለም፣ እኔ ነኝ። ልጆቹ ጥፋት የለባቸውም።" ስፒከሬ እያንዳንዷን ቃል እስከ ውጭ አደረሳት። ደካማ ስፒከር የሚናፈቅበት ቀን እንዳለ ያን ዕለት ገባኝ።

መሪጌታ ጢማቸውን ዳበሱ። "ሐሙስ ዘመድ ልጠይቅ ሲሬ ወርጄ ነበር። መናኸሪያው በር ላይ ይህንኑ ከበሮ አየሁት።"

"ታዲያ ለምን መጡ?" አልኩ።

"ሰው ይሳሳታል ብዬ። ማን ይነግረኝ ይሆን ብዬም። 'መንፈስ ነው' ሲሉኝ ግን ልጆቼን ይዤ ልወጣ ብድግ ልል ነበር።" ከዚያ ከአንዱ ልጅ መቋሚያ ተቀብለው ሰጡኝ። "በሉ እንግዲህ፣ ያላወቁትን ይወቁ። ከእኛ ጋር ይቁሙ። ቃል እንዳይወጣዎት።"

ኬኔ ኪቦርዱን አጠፋችው። መዘምራኖቿ ወርደው በነጫጮቹ መካከል ገቡ። መሪጌታ ዜማ አነሱ፣ ልጆቹ ተቀበሉ፤ ዜማው ከእግር ጣት የሚነሳ ይመስላል፣ አይቸኩልም። ሁሉም ወደ ግራ ዘንበል ሲል እኔ ወደ ቀኝ ሄድኩ፣ የሺአረግ ትከሻዬን ይዛ መለሰችኝ። ከበሮ ሊሰማ ከመጣው ሕዝብ አንድም ሰው አልሳለም። ቀጥሎ የሺአረግና ኬኔ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ የእኛን መዝሙር በአፋን ኦሮሞ አወጡ። መሪጌታ መቋሚያቸውን እንደተደገፉ ከንፈራቸው ከአዝማቹ ጋር ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ይህን አልጨመርኩበትም።

ሲያበቃ ቄስ ገላና ተነሱ። "መሪጌታ፣ ሁለተኛውን መቼ እናድርገው?"

ሁለቱ ልጆች ተያያዙ።

"እሱን እነሱ ይንገሩን" አሉ መሪጌታ።

ኬኔና የሺአረግ አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ቀን መቁጠር ጀመሩ። እኔም መቋሚያዬን ደገፍ ብዬ፣ "እኔ ያሰብኩት ግን..." ከማለቴ፣

"ጨሊሲ!" አሉኝ መሪጌታ በአፋን ኦሮሞ።

"ዝም በል!" አሉኝ ቄስ ገላና በአማርኛ።