ከግራ ጆሮ ጀርባ

ስፖንጁን በመቀስ ቆራርጣ ልትጨርስ ስትል ነው ዛሬ ስፖንጅ እንደማያስፈልጋት ትዝ ያላት። እጇ ለምዶባት እንጂ ከትናንት ጀምሮ ታውቅ ነበር። ከመስታወቱ ሥር የጄሶው ጭንቅላት እንደ ወትሮው ተቀምጧል፤ የጎማ ፊቱን እንደለበሰ፣ አፉን እንደዘጋ። ሜካፕ ሠሪዋ ቁርጥራጮቹን ሰብስባ ወደ ጣሳቸው መለሰችና፣

“አንተ ዛሬ ዕረፍት ነህ” አለችው።

ፊቱ የጭጋግ ፊት ነው። ጭጋግ የተከታታይ ድራማው መንፈስ ነው፤ በበር ስንጥቅ የሚገባ፣ ከመኝታ ቤት ጣሪያ ላይ ቁልቁል የሚያይ፣ አንድም ቀን ቃል ተንፍሶ የማያውቅ። ተመልካች እሱ ብቅ ሲል ትራስ ያቅፋል። ከሜካፕ ሠሪዋ ጋር የምትኖረው አክስቷማ ተነሥታ የቤቱን መብራት አንድ በአንድ ታበራለች፤ የመታጠቢያ ቤቱ እንኳ አይቀራትም።

“የእጅሽ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ” ትላለች። “ግን ያንን ሰውዬ እዚህ ቤት እንዳታመጪብኝ!”

“ኧረ አላመጣም” ትላለች ሜካፕ ሠሪዋ። ብታመጣው ግን የትኛው ወንበር ላይ እንደምታስቀምጠው ካሰበችበት ቆይታለች። መስኮቱ አጠገብ ያለው ላይ ነው።

ለዚህኛው ክፍል ዳይሬክተሩ ሐሳቡን ቀይሮ ነበር። “ሰውን አስፈራርተን ጨረስነው። አንዴ እንኳ ይሳቅ፣ ይተንፍስ” አለ። ስለዚህ በድራማው ውስጥ አንድ ድግምት ይበላሽና ጭጋግ ጠዋት ሲነቃ ተራ የሰው ፊት ይዞ ይገኛል። እንደ ልማዱ ሊያስፈራ ወደ ከተማ ይወጣል፤ የሚፈራው ያጣል። ሲመሽ ፊቱ ይመለስለታል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ነገ ደግሞ ወደ ተለመደው ማስፈራራት ይመለሳሉ።

ዛሬ እንግዲህ ተዋናዩ የሚቀረጸው በገዛ ፊቱ ነው። ጎማ የለም፣ ማጣበቂያ የለም፤ ትንሽ ፓውደር ብቻ። ማውራት ይችላል ማለት ነው። ሜካፕ ሠሪዋን ያስጨነቃትም ይኸው ነው።

የጎማውን ፊት ማልበስ ረጅም ሥራ ነው። ተዋናዩ ዓይኑን እያሸ ይመጣል፣ “ደህና አደርሽ” ይላል፣ ይቀመጣል። እሷ ከግራ ጆሮው ጀርባ ትጀምራለች፣ ወደ መንጋጋው ትወርዳለች፣ ወዲያው ከንፈሩ ላይ ትደርሳለች። ከዚያ በኋላ አፉን ካንቀሳቀሰ ጎማው ይጨማደድና ልፋቷ ሁሉ ገደል ይገባል። ስለዚህ ዝም ይላል። የወንበሩን መደገፊያ በጣቱ አንዴ መታ ካደረገ “አዎ” ማለቱ ነው፤ ሁለቴ ከመታ “አይ”። ማታ ጎማውን የሚያወልቅለት ደግሞ ሌላ ሠራተኛ ነው። ስንት ጊዜ ፊቱን በእጇ ስትዳስስ ኖራ፣ ከአፉ የምታውቀው ያችኑ “ደህና አደርሽ” ነው።

እሷ ሰው ፊት ስትቆም ምላሷ የሚተሳሰር ሴት ናት። መልስ በማይሰጥ ሰው ፊት ግን ምላሷ ተፈታ። ስለ አክስቷ አወራችው። ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ፣ የተሰጣ ልብስ “ተሳሳትኩ” እያለች ስለምትወስድ ጎረቤቷ አወራችው። እንዲህ እያለች እያለች አንድ ዝናባማ ጠዋት፣

“የምወደው ሰው አለ” አለችው። “እዚሁ ነው የሚሠራው። እሱ ግን አያውቅም።”

እሱን ራሱን ማለቷ ነበር።

ጣቱ መደገፊያውን መታ አደረገ፤ ቀጥይ እንደማለት። ቀጠለች። ሰውየው ሊስቅ ሲል መጀመሪያ ትንፋሹን እንደሚይዝ ነገረችው። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው አንደኛው ቅንድቡ እንደሚርገበገብ ነገረችው። ከግራ ጆሮው ጀርባ የሩዝ ፍሬ የምታህል ጠባሳ እንዳለችው ጭምር። ያቺ ጠባሳ ማጣበቂያ ሲነካት ትቀላለች፤ ሜካፕ ሠሪዋ ይህን ካየች ወዲህ የጎማውን ጠርዝ እዚያ ቦታ ላይ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ቆርጣዋለች።

ያን ሌሊት ገብቶት ይሆን እያለች ስትገላበጥ አደረች። አልገባውም ነበር። የገዛ ጆሮውን ጀርባ ማን አይቶ ያውቃል? ተኝቶ ቅንድቡንስ ማን ያያል? እሷ ጠዋት ጠዋት የምታየውን ፊት ባለቤቱ አያውቀውም። ከዚያ ወዲህ ዝም ባለች ቁጥር ጣቱ መታ ያደርጋል፤ ስለ ሰውየው ንገሪኝ ነው ነገሩ። እሷም ትነግረዋለች።

በሩ ተንኳኳ።

“እንዴት አደርሽ ቀቢያችን!” ብሎ ገባ። ነቅቷል፣ ፊቱን ታጥቧል፣ ፀጉሩንም አበጥሯል። ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። “ዛሬ አፌ የራሴ ነው። ስታወሪ ስታወሪ እኔ እንጨት ስመታ ኖሬያለሁ። ዛሬ ተራው የኔ ነው።”

“እሺ፣ አውራ” አለችና ብሩሹን ፓውደር አስነካችው።

አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። “ይገርማል! የማወራው ጠፋኝ።”

በመስታወቱ ውስጥ ተያዩ። ከዚያ እሱ ጫማውን፣ እሷ ብሩሹን ማየት ጀመሩ።

“አክስትሽ ደህና ናት?”

“ደህና ናት። መብራት ታበራለች።”

“ቧንቧውስ?”

“ተሠራ።”

“ያቺ ልብስ ‘ተሳሳትኩ’ ባይዋ?”

“ባለፈው አንሶላ ወሰደች።”

“ኧረ! አንሶላም ይሳሳቱበታል?” አለ። አንዱንም አልረሳም ነበር። ሜካፕ ሠሪዋ ግንባሩ ላይ ብሩሹን ቀስ አድርጋ አሳለፈች፤ ግንባሩ ፓውደር ከበቃው ቆይቷል።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ያ ሰውዬስ?”

“የቱ ሰውዬ?”

“ተይ እንጂ! ባለጠባሳው ነዋ። እውነቱን ልንገርሽ? ፈልጌዋለሁ። እዚህ ነው የሚሠራው ብለሽኝ የለ? የካሜራማኑን ጆሮ አየሁ፣ ምንም የለውም። የሾፌሩን አየሁ፣ ያለው ፀጉር ብቻ ነው። የድምፅ ሠራተኛው ጋ ጎንበስ ብዬ ሳይ ‘ምን ሆነሃል አንተ?’ ብሎ ዞረ። ‘ትንኝ አርፎብህ ነው’ ብዬ ማጅራቱን በጥፊ አላስኩት።”

ሳቋ አመለጣት። “ብታገኘው ምን ልትለው ነበር?”

“እንጃ።” የመደገፊያውን እንጨት በአውራ ጣቱ ፈተገው። “‘ዕድለኛ ነህ’ ልለው ነበር። ወይ እሱንም በጥፊ።”

አልሳቀም። የሚባለው ነገር እዚሁ ጉሮሮዋ ላይ ነበር፤ ትናንት ቢሆን፣ አፉ ተጣብቆ ቢሆን፣ ትለው ነበር።

“ጭጋግ!” ብሎ ዳይሬክተሩ በበሩ ራሱን አስገባ። “ና ውጣ፣ ፀሐይ ልትሸሸን ነው! ምነው፣ ፓውደር ነው ወይስ ቤት ነው የምትቀቡት?”

ሜካፕ ሠሪዋ ብሩሿን ይዛ ተከተለቻቸው።

መንገድ ላይ ጭጋግ ጥቁር ካባውን ዘርግቶ ከአንዲት አሮጊት ጀርባ ቀስ ብሎ ተነሣ። አሮጊቷ ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች አየችው። “ጎሽ የኔ ልጅ፣ ደረስክልኝ” ብላ ሁለት ዘንቢል አስያዘችው። ዘንቢሎቹን እንደተሸከመ አንድ ሱቅ ገብቶ ጥርሱን አሳየ። ባለሱቁ ቀና ሳይል፣ “ወረፋ ያዝ ጌታው፤ የጥርስ ሳሙና ከሆነ አልቋል” አለው። ቀረጻውን የሚያየው ሁሉ አፉን በእጁ ይዞ ይንፈቀፈቃል። የድምፅ ሠራተኛው ግን ማይኩን እንደያዘ በሌላ እጁ ማጅራቱን ሸፍኗል።

የመጨረሻው ቀረጻ ክፍል ውስጥ ነበር። ጭጋግ ከመስታወት ፊት ቆሞ የድሮ ፊቱ እስኪመለስ ይጠብቃል፤ ሊመለስለት ስለሆነ በደስታ መዝለል አለበት። ተዋናዩ ግን ጉንጩን ዳሰሰ፣ ከንፈሩን ዳሰሰ፣ እዚያው ላይ እጁ ቀረ።

“ደስ ይበልህ እንጂ!” አለ ዳይሬክተሩ በሹክሹክታ።

ደስ አላለውም። ዳይሬክተሩ ጥቂት አየውና፣ “ይሁን፣ እንዲህም ያስቃል” አለ። ሜካፕ ሠሪዋን አላሳቃትም። ነገ ጠዋት ያን ከንፈር የምትዘጋው እሷ ናት።

የሚወልቅ ጎማ ስላልነበረ የማታው ሠራተኛ አልመጣም። ፓውደሩን የምታነሣለት ራሷ ሆነች። መስኮቱ ላይ ገና ብርሃን አለ። ጥጡን አርጥባ ከግንባሩ ጀመረች።

“ነገ እንግዲህ ወደ እንጨት መምታታችን” አለ።

“አዎ።”

“ሙሉ ቀን አፌ የራሴ ሆኖ፣ ያወራሁት ስለ አንሶላ!” ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። “አሁንም አያውቅም? ሰውየው?”

ልትመልስ አፏን ከፈተች። ማጣበቂያው እሷ አፍ ላይ የዋለ ይመስል ቃል እምቢ አላት። እጇን ወደ ወንበሩ መደገፊያ ሰደደችና በጣቷ ሁለቴ መታ አደረገች።

አይ።

ተዋናዩ ጣቷን አየ። “ትነግሪዋለሽ?”

ከውጭ የመብራት ገመድ ሲጠቀልሉ፣ ሲቀላለዱ ይሰማል። ጣቷ መደገፊያው ላይ ቆየ። አንዴ መታ አደረገች።

ከዚያ ጥጡን አዙራ በንጹሑ በኩል ጉንጩን ጠረገች፣ አገጩን ጠረገች፣ የግራ ጆሮውን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ ከጀርባው ያችን የሩዝ ፍሬ የምታህል ቦታ ጠረገች። አሁንም ደግማ ጠረገቻት።

“እዚያ ጋ እኮ ፓውደር የለም” አለ።

“አውቃለሁ።”

እጇን አነሣች። እሱም እጁን ቀስ አድርጎ ወደ ጆሮው ጀርባ ወሰደ። ጣቱ ፈለገ፣ አለፈ፣ ተመለሰ፤ ቆመ። ዓይኑ በመስታወቱ ሥር ወደተቀመጠው የጎማ ፊት ሄደ፤ በግራ ጆሮ በኩል ጠርዙ ላይ ወደተቆረጠችው ግማሽ ጨረቃ። እዚያው ቀረ።

ሜካፕ ሠሪዋ ፊቷን ወደ መታጠቢያው አዞረች። ከኋላዋ የተዋናዩን ትንፋሽ አዳመጠች፤ አይሰማም፣ ይዞታል። ቧንቧውን ከፈተች። ብሩሹን በሳሙና አሸችው፣ ውሃው እስኪጠራ አለቀለቀችው፣ ጨምቃ ጫፉን በሁለት ጣቷ አሾለችው፤ ከሌሎቹ ጎን ብርጭቆው ውስጥ አቆመችው።