ኮሪደር ላይ የተወሰነው

የመማሪያ መጻሕፍት ክፍሉን የምትመራው ሴት በሃያ ሁለት ዓመት የአርታኢነት ሥራዋ አንድም ቀን አርፍዳ አታውቅም። ሠራተኞቿ ፊት ለፊት «አለቃ» ይሏታል፤ ዞር ስትል ግን «እትዬ ሰዓት» ናት። ይህን እሷም ታውቃለች። አልከፋትም፤ እንዲያውም ትንሽ ደስ ይላት ነበር።

ድርጅቱ ከተከራያቸው ሁለት ፎቆች አንዱን ሲለቅ፣ ከሥሯ ካሉት ስምንት ሠራተኞች ሦስቱ ከቤታቸው እንዲሠሩ ተደረገ። እትዬ ሰዓት ነገሩን አልወደደችውም። ሰው ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ካላየችው ሥራ የሚሠራ አይመስላትም። ከሦስቱ ደግሞ ይበልጥ የሚያሳስባት ሠዓሊው ነበር። ድሮም ቃል ቆጣቢ ነው፤ ቤት ከገባ ወዲህ ግን በማክሰኞው ስብሰባ ላይ ካሜራውን ዘግቶ ስክሪኑ ላይ ጥቁር አራት ማዕዘን ብቻ ሆኖ ይቀራል። አንድ ማክሰኞ በሰው ፊት፣ «እስቲ ሠዓሊያችን ካልተኛ ድምፁን ያሰማን» አለች። ጠረጴዛውን የከበቡት ሳቁ። ሠዓሊው «አለሁ» አለ።

ነገሩ የከረረው በአራተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ ነው። ስለ ዝናብ የሚያስረዳው ምዕራፍ ወጥቶ ስለ ዘር መብቀል የሚያስረዳ እንዲገባ ተወሰነ። የተወሰነው ግን ስብሰባ ላይ አልነበረም፤ አለቃዋና የክፍሉ አራሚ ሻይ ይዘው ኮሪደር ላይ ቆመው ሲያወሩ ነው። ይህን ያልሰማው ሠዓሊ አሥራ አንድ የደመናና የዝናብ ሥዕል ሠርቶ ላከ። አለቃዋ ደውላ ወረደችበት። ስብሰባው ላይ ጆሮው የት ሄዶ እንደነበር ጠየቀችው። እሱም በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሁሉንም እንደ አዲስ ሣለ።

ወር ሳይሞላ፣ የቢሮውን ደረጃ ስትወርድ እግሯ ከዳትና ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። ሐኪሙ ስድስት ሳምንት ከቤት እንዳትወጣ አዘዛት። ታላቅ እህቷ ቤት ገብታ፣ በጀሶ የታሸገ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ፣ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ የመጀመሪያውን ማክሰኞ ጠበቀች።

ቢሮ ያሉት አምስቱ ሠራተኞች አንድ ኮምፒውተር ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጠው ተሰብስበዋል። ለእሷ የሚታያት የአራሚው ጆሮና የግድግዳው ግማሽ ነው። ከሰው ንግግር ይልቅ የማንኪያ ኳኳታ ጎልቶ ይሰማል። መሀል ላይ አንዱ የሆነ ነገር አለና ሁሉም ሳቁ። ምን እንደተባለ ሳታውቅ አብራ ሳቀች፤ ወዲያው በራሷ አፈረች። ምን እንደሆነ ብትጠይቅ «ኋላ እንነግርዎታለን» አሏት። የነገራት የለም። ሐሳብ ለመስጠት ሦስት ጊዜ አፏን ከፈተች፤ ሦስቴም ሌላ ሰው ቀደማት። ስብሰባው አበቃ ተብሎ ምስሉ ሊጠፋ ሲል፣ አምስቱ ወንበራቸውን አቀራርበው ወሬ ሲቀጥሉ አየች።

በማግስቱ የመጽሐፉ ሽፋን መቀየሩን ከሌላ ሰው ኢሜይል ተረዳች። ቆሽቷ እያረረ አራሚው ጋ ደወለች። አራሚው ደነገጠ። ስብሰባው ካለቀ በኋላ እዚያው ቁጭ እንዳሉ መስማማታቸውን፣ ለእሷም የተነገራት መስሎት እንደነበር አስረዳ። ክፋት አልነበረውም፤ እውነቱን ነው። ልትቆጣው ስትል ግን እነዚያ አሥራ አንድ ሥዕሎች ፊቷ ላይ ድቅን አሉባት።

እህቷ ምሳ ይዛ ስትገባ አለቃዋ ስልኩን ትክ ብላ እያየች ተቀምጣለች።

«ምነው፣ እግርሽን አመመሽ?»

«እግሬን አይደለም። አንድ ሰው በድዬ ነው።»

እህቷ ሳህኑን አስቀመጠችና፣ «ታዲያ ስልኩ እጅሽ ላይ አይደል?» ብላት ወጣች።

ደወለች። ሠዓሊው የትኛው ገጽ እንደተበላሸ ጠየቃት።

«የተበላሸ የለም። ያን ጊዜ የምዕራፉን መለወጥ ሳልነግርህ ነው የተቆጣሁህ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ይቅርታ አድርግልኝ።»

ሠዓሊውም በእርጋታ ያስረዳት ጀመር። ካሜራውን የሚዘጋው የሰፈሩ ኔትወርክ ደካማ ሆኖ ምስል ሲከፍት ድምፁ ስለሚቆራረጥ ነው። ይህንንም በመጀመሪያው ሳምንት ስብሰባ ላይ ተናግሮ ነበር፤ ቢሮ ያሉት እየተንጫጩ ስለነበር የሰማው አልተገኘም።

«ሥራው አልከበደኝም» አላት። «የከበደኝ ሁሉን ነገር ከሰው ሁሉ ኋላ መስማቴ ነው። የታዘዘውን ዕቃ እንደሚያደርስ ነጋዴ ሆንኩ።»

«ምነው ታዲያ ብትነግረኝ?»

«መጀመሪያ ሞክሬ ነበር። ኋላ ሰለቸኝ።»

ሌላ ቦታ ሥራ አግኝቶ ቃል መግባቱንም አልደበቃት። መጽሐፉን ሳይጨርስ ግን አይሄድም። እንዲቀር ልትለምነው አፏ ላይ መጥቶ ተወችው፤ ይልቅ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሰው እንዲህ እንዳይሆን ምን ቢደረግ እንደሚሻል ጠየቀችው። ምሳው እስኪቀዘቅዝ እየጻፈች አዳመጠችው።

ከሚቀጥለው ማክሰኞ ጀምሮ ቢሮ ያሉትም በየኮምፒውተራቸው ማዳመጫ አድርገው ገቡ። አራሚው ሦስት ክንድ ራቅ ብሎ የተቀመጠውን ሰው በስክሪን ማየት እብደት ነው እያለ አጉረመረመ። ንግግሩን ከቢሮ ውጭ ያሉት መጀመር ያዙ። ኮሪደር ላይ ማውራት አልተከለከለም፤ ግን ሁሉም በሚያየው የጋራ ገጽ ላይ ያልሰፈረ ውሳኔ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል ተባለ። ይህ ሁለት ጊዜ ተረሳ። ሁለቴም የረሳችው ራሷ አለቃዋ ነበረች፤ ሁለቴም በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቀች።

ጀሶው ወልቆላት ቢሮ ስትመለስ፣ በወር አንድ ቀን ስምንቱም ተገናኝተው ገጾቹን ጠረጴዛ ላይ እየዘረጉ አብረው እንዲያዩ አደረገች። ሪፖርት የለ፣ ቃለ ጉባኤ የለ። በመጀመሪያው ቀን ሠዓሊውና አራሚው በአንድ የባቄላ ቡቃያ ቀለም ተከራክረው ምሳ ሰዓት አለፋቸው።

ሠዓሊው መጽሐፉን ጨርሶ፣ ሁሉንም ጨብጦ ሄደ። ትንሽ ቀደም ብላ ደውላ ቢሆን ኖሮ ይቀር ነበር ይሆን የሚለው ሐሳብ ብዙ ቀን ከአለቃዋ አልወጣም።

በቦታው የተቀጠረችው ሠዓሊት የምትኖረው በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ የሚያስኬድ ከተማ ውስጥ ነው። በሁለተኛ ሳምንቷ፣ ተራው ደርሷት ስትናገር፣ የተላከላት የሌላ መጽሐፍ ጽሑፍ ስህተት እንዳለበት አመለከተች። እንቁራሪት የፊት እግሮቿ ላይ ያላት አራት አራት ጣት ነው፤ ጽሑፉ አምስት ይላል።

አራሚው ሃያ ጊዜ ያነበበው ገጽ ነበርና፣ አይሆንም ብሎ ተከራከረ። አንዱ መጽሐፍ ያገላብጣል፣ ሌላው ፎቶ ይፈልጋል፤ አለቃዋ አላቋረጠቻቸውም። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ አራሚው መነጽሩን አወለቀ።

«አራት ነው» አለ። ከዚያም ስክሪኑ ላይ ወዳለችው ሠዓሊት ጠጋ ብሎ፣ «የኋላውስ ስንት ነው?»