ከጠረጴዛው በታች ያለችው መርከብ

የአባቷ ሰባ ሰባተኛ ዓመት ሲቃረብ፣ ሱሚዬን ያስጨነቃት በጃፓን ልማድ ሰባ ሰባት የሞላው ሰው በልደቱ የሚለብሰው ሐምራዊ ሰደርያ ሳይሆን ዓይናቸው ነበር። ሐኪሙ «የዛፉ ቅጠል እስኪቀላ ያያሉ፤ ከዚያ ወዲያ እንጃ» ብሏል። አዛውንቱ አባቷ ቶሜኪቺ ይህን በሰሙ በሳምንቱ አንድ ጠዋት ሾርባቸውን እያማሰሉ፣ «ያችን መርከብ አንድ ጊዜ ሙሉዋን ባያት» አሉ።

ሱሚዬ ጆሮዋን ተጠራጠረች። ቶሜኪቺ በአሥራ ሰባት ዓመታቸው፣ ጦር መርከቧ ያማቶ እዚሁ ኩሬ በምትባለው የወደብ ከተማ ስትሠራ፣ የብረት ችንካሮቿን በመዶሻ እያንኳኩ ጠብቀው መያዛቸውን ከሚመልሱት ድምፅ የሚለዩ ተለማማጅ ነበሩ። መርከቧ ምስጢር ስለነበረች ዙሪያዋ በዘንባባ ገመድ መጋረጃ ተሸፍኗል፤ ሠራተኛው ከተመደበበት ክፍል በቀር ሌላውን አያይም። ያየውንም ላያወራ ምሏል። ያስማለው ባሕር ኃይል ከፈረሰ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ቶሜኪቺ ግን ቴሌቪዥኑ መርከቧን ባሳየ ቁጥር ተነሥተው የጓሮ አትክልታቸውን ውኃ ሊያጠጡ ይወጣሉ። ዝናብ እየዘነበም ቢሆን።

በትምህርት ቤት ምግብ የምታበስለው ሱሚዬ በማግስቱ አብሮ አደጓ ኩዋባራ የሚገጣጠሙ ትንንሽ የመርከብ ሞዴሎች ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄደች።

«አንቺ? መርከብ?» አላት ኩዋባራ። «የትምህርት ቤት ሩዝ መስሎሽ በጭልፋ እንዳታማስዪው!»

«አንተ መጀመሪያ ሳጥኑን አውርድ፤ ከዚያ ሳቅ።»

ኩዋባራ የከተማው ሞዴል ገጣጣሚዎች ሁሉ የሚወዱትን ዓይነት አወረደላት፤ ባሕር ላይ የተንሳፈፈች እንድትመስል ሆዷ በውኃው መስመር ልክ ተቆርጦ ጠፍጣፋ የሆነውን።

አራት ወር ፈጀባት። አንድ ጸረ አውሮፕላን መድፍ ከወረንጦዋ ተስፈንጥሮ ጠፋና በሦስተኛው ቀን ከባሏ ካልሲ ውስጥ ተገኘ። ጣቷን ከጭስ ማውጫው ጋር ያጣበቀችበትን ቀንማ ለኩዋባራ አልነገረችውም።

በልደታቸው ጠዋት መርከቧን መስኮቱ አጠገብ፣ ዝቅተኛው ጠረጴዛ ላይ አኖረችላቸው። ቶሜኪቺ ጎንበስ ብለው ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ በዓይናቸውም በጣታቸውም አዳረሷት።

«እንዲህ ታምር ነበር ለካ!» አሉ። ቀጥለውም፣ «የኔ ቦታስ የት ጋ ነው?»

«የት ነበር የሚሠሩት አባባ?»

«ታች። ሞተሩ ክፍል ሥር፣ ወለሉ ላይ።»

የሱሚዬ ፊት ቀላ። «አባባ… ይህችኛዋ ታች የላትም።»

ሙሉዋን ገዝታ እንደ ገና እንዳትጀምር፣ የግቢው ዛፍ ቅጠል መቅላት ጀምሯል። አራቱ ወር በሙሉ ከእጇ ሾልኮ የወደቀ መሰላት። ቶሜኪቺ ግን ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ።

«እነሱ ላይዋን ደበቁኝ፤ አንቺ ደግሞ ታችዋን!»

ከዚያም እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር ሰደዱና፣ ከመርከቧ መሐል ትክክል፣ ሰሌዳውን በጣታቸው አንጓ አንኳኩ። ከላይ ትንሿ ያማቶ ነዘረች።

«ይህ ሰሌዳ ባሕሩ ነው» አሉ ጆሯቸውን አዘንብለው። «እኔ እዚህ ነበርኩ። ከላዬ ይህ ሁሉ መኖሩን ማን ነገረኝ?» እጃቸውን ሳይመልሱ ቀጠሉ፤ «ከዚች መርከብ በእግሬ ወጥቼ ሩዝ በላሁ፣ አንቺን ወለድኩ። በጦርነቱ አብረዋት የሰመጡት ይህ አልደረሳቸውም።»

ለመርከቧ እጅ ነሡ። ዞር አሉና፣ ሱሚዬ በኖረችባቸው ሃምሳ ሁለት ዓመታት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ግንባራቸው ምንጣፉን እስኪነካ ለልጃቸውም እጅ ነሡ።

«ይመስገን። አየኋት።»

ሱሚዬም እጇን ከጠረጴዛው ሥር፣ ከአባቷ እጅ አጠገብ ሰደደች።

«እዚህ ጋ አንኳኪ» አሏት ቶሜኪቺ። «ቀስ ብለሽ። ደህና ችንካር ይመልስልሻል።»