ሁለቱ ካርቡሬተሮች

የአካባቢው ሆቴል አሮጌ አውቶሞቢል ወደ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን የሚያወጣውን ዳገት አልወጣም አለ። በደርጉ ዘመን ደሴ መካኒክነት ተምራ የተመለሰችው ብርቄ የሞተሩን መከለያ ከፈተች። አባቷ፣ የዜማ መምህሩ መሪጌታ ወልደ ሰንበት፣ አጠገቧ ቆሙ። ሞተሩን አስነስታ፣ የጎማ ቱቦ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ነዳጅና አየር የሚቀላቅሉትን የሁለቱን ካርቡሬተሮች አየር አሳሳብ አዳመጠች፤ ቪት የሚባለውን የአየር ማስተካከያ ብሎናቸውንም አስተካከለች።

ቱቦውን ለአባቷ ሰጠቻቸው። «አባባ፣ እስቲ ይስሙልኝ። እኩል ናቸው?»

«የግራው ድምፅ በርታ ይላል።»

የግራውን ቪት ትንሽ አላላችው።

«አሁን እንደ አንድ ሰው ተነፈሱ!» አሉ መሪጌታ ዳግም አዳምጠው።

ብርቄ እየነዳችው መኪናው ዳገቱን ያለ ችግር ወጣ። አናቱ ላይ ሲደርሱ፣ መኪናው ተበላሽቶ ሳለ ያለፏቸው መንገደኞች ቆመው አዩዋቸው።

«መሪጌታ፣ መካኒክ ከየት መጣ?» አለ አንዱ።

«ከቤቴ ነዋ!» አሉ በመስኮቱ ብቅ ብለው። ወደ ልጃቸውም ዞሩ፤ «ብርቄ፣ ጥሩንባውን ንፊው እንጂ!»