«አልቆለታል» የተባለው ማሽን

ሲስተር በላይነሽ ከግራና ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ መሥራት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። በነዚህ ዓመታት ብዙ ነገር ችላለች፤ የመድኃኒት እጥረቱን፣ የውሃ መጥፋቱን፣ ሪፖርት አምጪ እያለ የሚጨቀጭቀውን ስልክ። ያን የኦክስጅን ማሽን ግን ልትችለው አልቻለችም።

ማሽኑ የሕፃናት ክፍሉ ጥግ ላይ ቆሟል። ከአየር ላይ ኦክስጅን አጣርቶ መተንፈስ ላቃተው ታማሚ የሚሰጥ፣ ከጉልበት ትንሽ ከፍ የሚል ሳጥን ነው። ግንባሩ ላይ «ከአገልግሎት ውጪ» የሚል ወረቀት ከተለጠፈበት ሰባት ወር አልፏል። የለጠፈው ከወልድያ የመጣ ጌትነት የሚባል የጥገና ባለሙያ ነው። ያን ዕለት መኪናው ሞተሩ ሳይጠፋ ደጅ ላይ ይጠብቀው ነበር። ጌትነት ማሽኑን አበራ፣ ቢጫ መብራት አየ፣ መልሶ አጠፋው።

«ሲስተር፣ ይሄ አልቆለታል» አላትና ወረቀቱን ለጥፎ ሄደ።

እሷም ማሽኑ እንዲጠገን ለበላይ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጻፈች። መልስ የሰጣት የለም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አብዱልሐሊም የተባሉ አዛውንት ገበሬ ሀስና የምትባል የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው መጡ። ሕፃኗን ሳንባ ምች ይዟታል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል፤ በተነፈሰች ቁጥር የጎኗ አጥንት ይቆጠራል። በላይነሽ መርፌ ወጋቻትና ሚኒባስ አስቁማ ወደ ወልድያ ላከቻቸው። ሌላ ማድረግ የምትችለው አልነበረም።

ሀስና ተረፈች። በዘጠነኛው ቀን አዛውንቱ ሊያመሰግኑ መጥተው ሳለ ዓይናቸው ጥግ ላይ ካለው ሳጥን ላይ አረፈ።

«ልጄ፣ ይሄ ምን የሚሠራ ነው?»

ነገረቻቸው።

«እዚሁ ነበረና?»

«ተበላሽቷል ተብሎ ነው፣ አባባ።»

«ምኑ ነው የተበላሸው?»

በላይነሽ የተለጠፈውን ወረቀት ተመለከተች።

«ሱብሃነላህ! ልጅቱ እስከ ወልድያ ድረስ ጭኔ ላይ ስታጣጥር ሄደች። ምኑ እንደተበላሸ እንኳ የሚያውቅ የለም?» አሉና ምርቃታቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

በላይነሽ ፊቷ ጋለ። ንዴቱ በጌትነት ብቻ አልነበረም፤ በራሷም ነበር። ሰባት ወር ሙሉ በዚያ ወረቀት አጠገብ ስታልፍ «ምኑ?» ብላ አልጠየቀችም።

ምሳ ሰዓት ላይ ስልኳን አወጣች። አንዳንዴ ደብዳቤ የሚያስተካክልላት የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ረዳት አላት። «የኦክስጅን ማሽን ለምን አይሠራም?» ብላ ጻፈችለት። አሥራ አራት ምክንያት ደረደረላት፤ ከመብራት መቆራረጥ ጀምሮ እስከ ሞተሩ መቃጠል። «ይሄን ያህልማ እኔም አላጣሁትም!» ብላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

ነገር ግን ቆይታ ስታስበው ጥፋቱ የስልኩ አልነበረም። አንድ ሰው በሯን ከፍቶ «አሞኛል፣ ለምን?» ቢላት ምን ትመልስለታለች? የት ነው፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ሲሆን ይብሳል፣ ምን ወሰድክ ብላ ትጠይቀው የለ? እንግዲያው ማሽኑንም እንደ በሽተኛ ልታየው ወሰነች።

ከጀርባው የተጻፈውን ስምና ሞዴል ገለበጠች። መጀመሪያ ምን እንደታየ፣ ማን ምን እንዳደረገ፣ ከዚያ ወዲህ ማንም እንዳልነካው አንድ በአንድ ጻፈች። «የጤና ባለሙያ ነኝ፤ ጥገና አልተማርኩም። ሳጥኑን ሳልፈታ በእጄ ላደርገው የምችለውን ብቻ በቅደም ተከተል ንገረኝ» ብላ ጨመረች።

አሁን የመጣው መልስ አጭር ነበር። «ብዙዎቹ ማሽኖች ሲበሩ ለጥቂት ደቂቃ ቢጫ መብራት ማሳየታቸው የተለመደ ነው። ባለሙያው ከማጥፋቱ በፊት ስንት ደቂቃ ጠበቀ? ከጀርባ ያለው የአየር ማጣሪያስ መቼ ነው የታጠበው?»

በላይነሽ ሁለቱን ጥያቄዎች ደግማ አነበበቻቸው። ጌትነት ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልጠበቀም። ማጣሪያውን ስትስበው በአቧራ ተደፍኖ የበግ ቆዳ መስሏል። አጥባ ፀሐይ ላይ አደረቀችው፤ መልሳ ገጠመችና ማሽኑን አበራች። ቢጫ። ሰዓቷን እያየች ቆመች። በስምንተኛው ደቂቃ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

አልተደሰተችም። ዓይኗ ላይ የመጣው በነዚህ ወራት በሚኒባስ የላከቻቸው ሕፃናት ፊት ነበር።

አንድ ጥያቄ ቀርቷት ነበር። «አሁኑኑ ለሕፃን ብሰጠው ምን ልሳሳት እችላለሁ?» ብላ ስልኩን ጠየቀችው። አረንጓዴው መብራት ብቻውን ማረጋገጫ እንዳልሆነ፣ የሚወጣው ኦክስጅን በመለኪያ ሳይታይ እንዳትተማመንበት፣ እስከዚያም ሕሙማን ማስተላለፏን እንዳታቆም ነገራት። ወዲያው ለጌትነት ደወለች።

«ማን ንኪ አለሽ?» አላት።

«ስልኬን ጠይቄ ማጣሪያ ነው ያጠብኩት። መለኪያህን ይዘህ ና።»

«ስልክ ጠይቀሽ ነው እኔን የምታዢኝ?»

«አዎ፣ ስልክ ጠየቅኩ። ስልኩ ባለሙያው ስንት ደቂቃ ጠበቀ ብሎ ጠየቀኝ። አንተ ምን ጠየቅከኝ? ሕፃን እዚህ መተንፈስ ሲያቅተው ያንተን ወረቀት ነው የማሳየው?»

በሦስተኛው ቀን መጣ። አሁን ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቷል። ጌትነት መለኪያውን ሰካ፣ ጠበቀ፤ ዘጠና ሦስት በመቶ አነበበ፤ ለሕሙማን የሚበቃ ነው። ደግሞ ለካ፤ ያው ነው። ወረቀቱን ከማሽኑ ግንባር ላይ ላጠው፤ ከቦርሳው ቅጽ አውጥቶም «ተጠግኗል» ብሎ መጻፍ ጀመረ።

በላይነሽ እጇን ቅጹ ላይ አሳረፈች።

«እንደሱ ብለህ አትጽፍም። አልተጠገነም።»

«ታዲያ ምን ልበል፣ ሲስተር?»

«አልተበላሸም ነበር በል። ሰባት ወር ያለ ሥራ መቆሙንም ጻፍ።»

ጌትነት ወደ በሩ ተመለከተ። እሷ እጇን አላነሳችም። በመጨረሻ የጀመረውን ሰርዞ እንዳለችው ጻፈ፤ ፈረመበትም።